እርስዎ የሚለው አማቼ

ጠበቃዬ ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ልጅ ነው። ፍርድ ቤት ከመቅረባችን በፊት «ራሴን ስቼ ነበር ይበሉ፣ ሌላ አንዲት ቃል አይጨምሩ» ብሎ ሦስት ጊዜ መከረኝ። አልልም አልኩት። ምን በወጣኝ? ብረቱን ሳነሳ የት እንደምመታው አሳምሬ አውቅ ነበር። ጉልበቱን ነበር የፈለግኩት፣ ጉልበቱን አገኘሁት። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ እንዲህ ካሉማ እኔ ምን ልሠራ መጣሁ ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔም መጀመሪያውኑ ማን ና አለህ አልኩት።

የሚጸጽተኝ ነገር አለ። እሱን ግን ዳኛውም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩ።

ሉሺያ እባላለሁ። ከባሕሩ በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ ባለው መዝናኛ፣ የተራራ ባቡሩ ፍሬን ያዥ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል። ባቡሩ በአያቶቻችን ዘመን የተሠራ ነው፤ እንዳሁኖቹ በኤሌክትሪክ አይቆምም። ሰንሰለት ጎትቶ ጫፍ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱና የኔ ክንድ ናቸው። ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ቆሜ፣ ክንድ ከስንዝር የሚሆን የብረት እጀታ ጨብጬ፣ የት እንደማጠብቅና የት እንደምለቅ በውስጥ እግሬ ነው የማውቀው። ከዋሻው እንደወጣን ያለው ሦስተኛው ኩርባ ላይ ካልተያዘ ግን ባቡሩ ከሐዲዱ ዘሎ ገደል ይገባል። ከገደሉ በታች ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ በታች ባሕር ነው። ከማድሪድ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ እዚያ ሲደርስ «ወይ ባሕሩ፣ ወይ ደሴቲቱ» እያለ አፉን ይከፍታል። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ኩርባ ላይ ቀና ብዬ ባሕሩን አይቼው አላውቅም። ሥራዬ ሐዲዱን ማየት ነው።

ሌላም ደንብ አለን። ፍሬን ያዥ ከባቡሩ በወረደ ቁጥር እጀታውን ነቅሎ ይዞ ይወርዳል፣ ለሽንትም ቢሆን። ሳይነቀል ቀርቶ ሰካራም ቢነካው ጉድ ነው የሚፈላው። እኔማ ለምዶብኝ እቤቴም ሳልጨብጠው ስቀር መዳፌ ባዶ ይሆንብኛል።

ሥራው የባሌ የኤራሙን ነበር። በኛ በባስኮች ዘንድ ባልና ሚስት አንተ አንቺ አይባባሉም። ልጆች ሆነው ጭቃ አብረው ሲያቦኩ ያደጉ ቢሆኑ እንኳ፣ ተጋብተው ከቤተ ክርስቲያን በወጡበት ዕለት እርስዎ መባባል ይጀምራሉ። አንቺ የሚባለው ለእህት፣ ለሴት ጓደኛ፣ ለላም ነው። ኤራሙን ግን እኔን አንቺ ነበር የሚለኝ። «አንቺ፣ ወዲህ ነይ» ይላል፣ ቃሉ እንደወጣ ጥፊው ይከተላል። አንድ የገና ዕለት ሁለት ጥርሴን አውልቆ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ጣላቸው፣ ልጄ ካርሜሌ የስድስት ዓመት ሕፃን ሆና ቆማ እያየች። ጎረቤቶቼ ስለ ጥርሴ ትንፍሽ አላሉም። «ሚስቱን እኮ አንቺ ይላታል፣ ምን ዓይነት ስድ ነው» ተባባሉ። እኔም ጅሏ ከነሱ ጋር ሆንኩ። ቡጢውን ትቼ ቃሉን ጠላሁ። ሳንባው ከድቶት ሲሞት ፍሬኑን ወረስኩና በልቤ ማልኩ፤ ልጄ እርስዎ የሚላትን ሰው ታገባለች አልኩ።

ቢቶር መጣ። የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ጸሐፊ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ድምፁ ከአጠገቡ ከቆመ ሰው የማያልፍ። መጀመሪያ ኮረብታው ላይ የወጣ ዕለት ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለልኝ። ልጄን እርስዎ አላት። የትኬት ቆራጯን ውሻ ሳይቀር «ይለፉ እመቤቴ» ብሎ መንገድ ለቀቀላትና ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ካርሜሌ ግን ልቧ አላረፈም ነበር። ይሄ ሰው ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፣ ያስፈራኛል አለችኝ። ይሄ የሚያስፈራሽ ከሆነ አባትሽን ረስተሽዋል ማለት ነው አልኳት፣ እንዲህ ያለ ባል ካመለጠሽ ቤቴ እንዳትመጪ ብዬም አከልኩበት። ሠርጉን የገፋሁት እኔ ነኝ። ይኸው ተናገርኩ።

ተጋብተው አራት ዓመት ሆናቸው። በዚያ በነሐሴ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሁለቱ ከከተማው ኮረብታውን በሚያወጣው የገመድ ባቡር ወደኔ ሲመጡ ካየኋት ወራት ሆኖኝ ነበር። ሕዝቡ ግጥም ብሏል። የእንጨት ፈረሶቹ ይዞራሉ፣ ከአየር ጠመንጃው ቤት ጣ ጣ ይላል፣ በስኳር የተነሰነሰ ጥብስ ሊጥ የያዙ ሴቶች ልጆቻቸውን ይጎትታሉ። ካርሜሌ በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ፊቷን ዱቄት ቀብታለች፣ ዱሮ ቅባት እንኳ የማትወድ ልጅ። በረደሽ እንዴ ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀችና አቀፈችኝ። የሽርጤ ግራሶ እስኪነካት ድረስ አልለቀቀችኝም፣ ጆሮዬ ሥር «ናፈቅሽኝ» አለች። ቢቶር የኬክ ካርቶን በክሩ አንጠልጥሎ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ልጄ ታድላ አልኩ፣ እግዜር ይይልኝ፣ እንዲያ ነው ያልኩት።

ከዚያ ካርሜሌ ባቡሩ ላይ መሳፈር እፈልጋለሁ አለች። ከልጅነቷ ወዲህ ወጥታበት አታውቅም። ቢቶር «እርስዎ የፈለጉት ይሁን» አላት። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ልክ ከፊቴ ተቀመጡ። እጄን ብዘረጋ ፀጉሯን እነካው ነበር።

ሰንሰለቱ ቀ ቀ ቀ እያለ አወጣን፣ ጫፉ ላይ ለቀቀን። የመጀመሪያውን ቁልቁለት ወረድን፣ ፊት ያሉት የማድሪድ ሴቶች ጮኹ። ዋሻው ጋ ስንደርስ እንደ ልማዴ ፍሬኑን ጠበቅ አደረግኩ። ዋሻውን ቀስ አድርጌ ነው የማሳልፈው፣ ጨለማው ረዘም ሲል ሰዉ ደስ ይለዋል። ድቅድቅ ባለው ውስጥ የቢቶር ድምፅ ተሰማኝ። በባስክኛ ነው፣ ቀስ ብሎ።

«ለእናትዎ ጆሮ ምን ነገሯቸው?»

«ምንም። ናፈቅሽኝ ነው ያልኳት።»

«እጅዎን ይስጡኝ እባክዎ። እሱን አይደለም፣ ግራውን።»

ቀጭን ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ካርሜሌ አልጮኸችም፤ ትንፋሿ ብቻ ተቆረጠ።

«አመሰግናለሁ ይበሉ።»

«አመሰግናለሁ» አለች ልጄ።

የሰማሁትን አላመንኩም። ዓይነ ሥውር ካልሆነ በቀር ማንም ሰው ጆሮውን አያምንም፣ እኔም ብርሃን ጠበቅኩ። ከዋሻው ብቅ ስንል ጭኗ ላይ ያረፈውን እጇን አየሁት። ትንሿ ጣቷ ወደ ውጭ ዞራለች፣ ከሌሎቹ የማትዛመድ ትመስላለች። እጅጌዋ ተሰብስቦ ነበርና ክንዷም ታየኝ። ቢጫ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ ክብ ክብ የሲጋራ ጠባሳ አለ። ቢቶር የተሰበረችውን እጅ ከላይ በመዳፉ ሸፍኖ ባሕሩን ይመለከታል። «እንዴት ያምራል» አለ።

ሦስተኛው ኩርባ ያኔ ደረሰ። ፍሬኑን አልያዝኩም። በሃያ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳሁት።

ባቡሩ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ። የቀኝ ጎማዎቹ አየር ላይ ሲሆኑ ከሥሬ ያለው እንጨት ሲሰነጠቅ ይሰማኛል። በሙሉ ክብደቴ እጀታው ላይ ተንጠለጠልኩ፣ ብልጭታው እግሬን ለበለበው። ባቡሩ ተመልሶ ሐዲዱ ላይ ሲወድቅ አንዲት ሴት በግንባሯ የፊቱን ብረት መታች፣ ባሏ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ አየው፣ ደሙ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተንዠቀዠቀ። ቢቶር አፍንጫው ሲሰበር ሰማሁ። ጣቢያው ገብተን መጨረሻው ላይ ካለው እንጨት ጋር ስንላተም ግማሹ ሰው ወንበር ሥር ነበር። እሪታ በእሪታ ሆነ። ሰዉ ከፈረሶቹም ከተኩስ ቤቱም እየተሯሯጠ መጣ።

እጀታውን ነቅዬ ወረድኩ። ቢቶር መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ተነሳ። «እናቴ፣ የደከመዎት ይመስለኛል። ትንሽ ይቀመጡ» አለኝ። ብረቱን በግራዬ ይዤ በቀኜ ቡጢ አፉ ላይ አሳረፍኩለት። ፍሬን ስይዝ የኖርኩበት ክንድ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ደገምኩት። ከንፈሩ ተተረተረ። እጁን አላነሳም። ሦስተኛውን ልጨምር ስል የተኩስ ቤቱ ሰውዬና ሁለት እንግዶች ከኋላ አነቁኝ። አንዱን በክርኔ ጎኑን ብዬው አቃሰተ።

የቆመው ሰው ያየውን አስቡት። አንዲት አሮጊት ደርዘን ሰው ልትገድል ጥቂት ቀራት፣ አሁን ደግሞ ጨዋ አማቿን በቡጢ ትነርታለች። እሱ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ባስክኛ የማይገባቸው ለስላሳ ድምፁን ይሰማሉ፤ የሚገባቸው ደግሞ እርስዎ ማለቱን ይሰማሉ። «ጣቷን ሰብሯታል» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ወደ ካርሜሌ ዞረ። ካርሜሌ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገችና «ባቡሩ ሲላተም ነው» አለች። የገዛ ልጄ። አንዷ የማድሪድ ሴት ግንባሯን እንደያዘች «ይቺን እብድ ማን ነው ማሽን ላይ ያወጣት» አለች፣ ሰዉም ጉምጉምታውን ቀጠለ።

ካርሜሌ መጥታ በደህናው እጇ ፊቴን ጠረገችልኝ። የማን ደም እንደሆነ እንጃ።

«እማዬ፣ ዛሬ ተይኝ። ልውረድ» አለችኝ።

«ከሱ ጋር?»

«ልውረድ፣ በናትሽ። አትከተይኝ።»

ጎትቼ እንዳላቅፋት ሁለት ሰው ክንዴን ይዞታል። ክንዷን ለቢቶር ሰጥታ ወደ ገመድ ባቡሩ ስትሄድ አየኋት። ዘንድሮ ሳትሞት ከእጁ አትወጣም አልኩ። ኤራሙን ጥርሴን ሲያወልቅ እኔም እንዲሁ ወደ ጓዳ ተከትዬው ገብቼ ነበርና ያደረግኩትን እሷ ስታደርግ ያየሁ መሰለኝ። እሱ ቤት ወስዷት በሩን ከዘጋ ሌላ እሁድ አላያትም። ይሄ ነው የታየኝ፣ ሌላ ነገር አልታየኝም። ያነቀኝን ሰውዬ እጅ በጥርሴ ነከስኩት። ሲለቀኝ ሮጥኩ።

የገመድ ባቡሩ ማሽን ያለው ከላይኛው ጣቢያ ጀርባ ነው። ሁለት ሠረገላ በአንድ ገመድ ታስሯል፣ አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል። ማሽኑን የሚነዳው ፓቺኩ አርባ ዓመት የማውቀው ሰው ነው፣ በየጧቱ «ዛሬስ ስንት ሰው ልትገድዪ ነው?» እያለ ያበሽቀኛል። በሩን በርግጄ ስገባ ሠረገላው ጉዞ ጀምሯል።

«አቁመው።»

«ሰው አለበት፣ ሉሺያ። ያለ ምክንያት አይቆምም።»

እጀታውን ከመቆጣጠሪያው መስታወት በላይ አነሳሁት። ካላቆምከው እሰብረዋለሁ፣ ከሱ ቀጥዬ አንተን አልኩት። ፓቺኩ ዓይኔን አየ፣ ሽርጤ ላይ ያለውን ደም አየ፣ ማንሻውን ጎተተ። ትልቁ ጎማ አቃስቶ ቆመ። በመስኮቱ ሳይ ሠረገላው ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ቀጥ ብሏል። እሰይ አልኩ። አያመልጠኝም አልኩ። አፈር ልብላ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፓቺኩ ግንባሩን ቋጥሮ «የትኛው ክፍል ውስጥ ናቸው?» አለኝ።

የኛ ሠረገላ ደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ አይገናኙም፣ በሩም ከውጭ ነው የሚቀረቀረው። ከታች ያለው ክፍል መሰለኝ አልኩት። ስንት ሰው አብሯቸው እንደገባ ጠየቀኝ። ማንም አልነበረም። ሰዉ ሁሉ የተጎዱትን ከቦ ላይ ቀርቷል።

«እና ብቻዋን ከሱ ጋር ቆልፈሻታል?» አለ ፓቺኩ።

አስነሳው አልኩት፤ እንደ ደንቡ በድንገት የቆመ ማሽን ገመዱ ሳይታይ አይነሳም፣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል አለ። ወጣሁ። ከሐዲዱ ጎን ለሠራተኛ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ አለ፣ ሙሽልቅ ያለ፣ ሙዝ የረገጡ ያህል የሚያንሸራትት። ሁለት መቶ ከምናምን ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ሦስት ሦስቱን እየዘለልኩ ወረድኩት። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፣ ጉልበቴ ተገሽልጦ ሥጋው ታየ፣ ብረቱን ግን አልጣልኩም።

ከላይኛዎቹ ክፍሎች ጥቂት ሰዎች አንገታቸውን አውጥተው ምን ሆነ ምን ሆነ ይላሉ። ከታች የሱ ድምፅ መጣ። አሁንም አልጮኸም። ይናገራል፣ ከዚያ ድም ይላል። ይናገራል፣ ድም ይላል።

«ለእናትዎ ምን ነገሯቸው? እባክዎ ይመልሱልኝ።»

ድም።

«እየጠየቅኩዎ ነው።»

ድም። ከዚያ መስታወት ረገፈ።

ስደርስ የልጄ ራስ በተሰበረው መስኮት ውጭ ነው። ፀጉሯን ከኋላ ጨምድዶ እንደ ያዛት ነው። ከግንባሯ እስከ አገጯ ደም ብቻ ነው፣ አንድ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ሌላው ቦታ ላይ ስብርባሪ ተሰክቷል። የታረደ በግ አይቻለሁ፣ ሰው በቋጥኝ ተፈጥፍጦ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን አላየሁም። መቀርቀሪያውን በብረቱ መትቼ ጣልኩትና በሩን ገነጠልኩ።

ቢቶር ዞሮ አየኝ። አፍንጫው አብጦ፣ ሸሚዙ ሁሉ ቀይ ሆኖ፣ አሁንም ድምፁ ያው ነው። «እናቴ፣ ይሄ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው። እርስዎ ይመለሱ» አለኝ።

ጉልበቱን መታሁት። አንድ ጊዜ። ወደማይታጠፍበት ታጠፈ፣ ድምፁ ደረቅ ነበር። ፀጉሯን ለቀቀና ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ያኔ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «አንቺ ውሻ፣ አንቺ ጋለሞታ» አለኝ። ዳኛው ሁለተኛውን ለምን መታሽው ሲለኝ፣ ተሰድቤ ነው እንድል ጠበቃው በዓይኑ ሲለምነኝ ነበር። አይደለም። ሁለተኛው ጉልበቱ ደህና ስለነበረ ነው።

ሁለተኛውን ስመታ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ጎተተኝ። ከበሩ ወጥተን ሐዲዱ ላይ ወደቅን። እግር የለውም፣ እጅ ግን ነበረው። ከላዬ ወጥቶ ጉሮሮዬን ያዘ፣ አውራ ጣቱን አስገባው። አየር አጣሁ። ከጎኔ ያገኘሁትን ጠጠር ዘግኜ ዓይኑ ውስጥ ወቀርኩት፣ ጆሮውን ነክሼ የያዝኩትን ይዤ ቀረሁ። ደሙ አፌ ውስጥ ጨው ጨው አለኝ። ሰማዩ ሲጠቁርብኝ፣ ፓቺኩ ከላይ እየሮጠ መጥቶ በቦቲ ጫማው ጎኑን ሲለው፣ ሁሉም በአንዴ ሆነ።

ካርሜሌን ፈለግኩ። ከሠረገላው ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ መሐረብ ዓይኗ ላይ ጭና። እኔን አላየችም፣ እሱንም አላየችም። በቀረው ዓይኗ ቁልቁል የታችኛውን ጣቢያ ነበር የምታየው። ጣቢያው ያን ያህል ቅርብ ነበር፤ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ቆብ እንኳ ይለያል። «አለቀ፣ ልጄ፣ አለቀ» አልኳት።

ሌላው የፖሊስና የወረቀት ነገር ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ፈረዱብኝ፣ ለሱ ስምንት ወር። ፍርድ ቤት በክራንች መጥቶ ቀኑን ሙሉ እርስዎ ሲለኝ ዋለ። ዳኛው ስለ ጨዋነቱ አመሰገነው። ስቄ ነበር፣ ለዚያም ተገሰጽኩ።

ከፍርዱ በፊት ግን፣ ነገሩ በሆነ በሦስተኛው ቀን፣ ሆስፒታል አሥር ደቂቃ ፈቀዱልኝ። አንድ ፖሊስ በር ላይ ቆመ። ካርሜሌ ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዓይኗን አላተረፉትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቀባጠርኩ። ከእንግዲህ ዝንብሽን እሽ አይልም አልኳት፣ ሁለት እግሩን ወስጄልሻለሁ አልኳት፣ ስፈታ አብረን እንኖራለን አልኳት። በኩራት ነበር የማወራው፣ ይሄም ይታወቅልኝ።

ስጨርስ «ኢዛሮ ታች ትጠብቀኝ ነበር» አለችኝ።

ኢዛሮ ፋብሪካው ውስጥ አብራት ዓሣ የምታሽግ ጓደኛዋ ናት። የት ታች አልኳት።

«ጣቢያው በር ላይ። ከሁለት ወንድሞቿ ጋር። የመኪናው ሞተር ተነስቶ ነበር። ልብሴን ከሐሙስ ጀምሮ ወስዳልኛለች። ከሠረገላው ስንወርድ ወንድሞቿ መሐላችን ሊገቡ፣ እኔ መኪናው ውስጥ ልገባ ነበር። ልሰናበትሽ ነው የወጣሁት።»

ልውረድ ያለችኝ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሠረገላው ከቆመበት እስከ ጣቢያው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሠረገላውን ሁለት ደቂቃ ብቻ ትቼው ቢሆን ኖሮ ልጄ በሁለት ዓይኗ ወደፈለገችበት ትሄድ ነበር። ሐዘኔ ቁጣ ሆኖ ወጣ፣ ሌላ መውጫ አያውቅም፤ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮኽኩባት። ፖሊሱ አንገቱን አስገባ።

«ነግሬሽ ነበር» አለች ካርሜሌ።

መቼ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ሳልጠይቅ ትዝ አለኝ። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነው። ከፋብሪካው መዝናኛው ቢሮ ደወለችልኝ። «እማዬ፣ ቢቶር ይመታኛል» አለች፣ እንዲሁ፣ ያለ ለቅሶ። ባቡሩ ሰው ሞልቶ እየጠበቀኝ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። «ቢቶር? እሱ እኮ እርስዎ ነው የሚልሽ» አልኳትና ሳቅኩ። ከልቤ ነበር የሳቅኩት። እሷ «እውነትሽን ነው» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ይሄን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ካርሜሌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፖሊሱ አሥሩ ደቂቃ አልቋል ሲለኝ ተነስቼ እጄን ለካቴናው ሰጠሁት።